ቶን ምንድን ነው? የታይታኒክ 46,328 ክብደት አይደለም

ሰሞኑን ደግሞ አነበብኩት፦ «46 ሺህ ቶን ብረት አትላንቲክ ውስጥ ሰጠመ»። አንዱ ጸሐፊማ ይባስ ብሎ የዛሬዎቹ ግዙፍ የመዝናኛ መርከቦች ታይታኒክን «በክብደት አምስት እጥፍ ይበልጧታል» ይላል። ኧረ አይበልጧትም!

46,328 የተባለው ግሮስ ሬጅስተር ቶን ነው። ይሄ ቶን ሚዛን ላይ ወጥቶ አያውቅም። አንዱ 100 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም 2.83 ሜትር ኩብ ቦታ ነው። የቃሉ ሥር የወይን ጠጅ በርሜል ነው፤ ድሮ መርከብ የምትለካው በምትይዘው በርሜል ብዛት ነበር።

የብረት ጀሪካን አስቡ። ባለ 20 ሊትር ነው ስንል ባዶውን 20 ኪሎ ይመዝናል ማለታችን አይደለም። 20 የሆዱ ልክ ነው። የታይታኒክም ሆድ ወደ 131,000 ሜትር ኩብ ነበር። ክብደቷን የሚፈልግ ተጭና ስትንሳፈፍ የምትገፋውን ውሃ ይመዝን። እሱ ወደ 52,000 ቶን ነው፤ ከነከሰሏ፣ ከነሰዉ።

ጀሪካኑ ክዳኑ እስከተዘጋ ድረስ ይንሳፈፋል። የታይታኒክ ጀሪካን ደግሞ ውስጡ በግድግዳ ለ16 ተከፍሎ ነበር። ችግሩ ግድግዳዎቹ እስከ ላይ አልደረሱም። የፊተኞቹ አራት ክፍሎች ብቻ ቢሞሉ አትሰጥምም ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 1912፣ በመርከቧ ሰዓት ከምሽቱ 5፡40 ላይ የበረዶው ተራራ ሲገጫት ግን ከአራት በላይ ተከፈቱ። አፍንጫዋ እየተደፋ ሲሄድ ውሃው በግድግዳው አናት እየፈሰሰ ወደ ቀጣዩ ክፍል ገባ። ከሌሊቱ 8፡20 ላይ የለችም።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከ131,000ው ውስጥ ከላይ ያሉት፣ መስኮት ያላቸው ክፍሎችም አሉበት። እነሱ ውሃ ስለማይከለክሉ መርከቧን አያንሳፍፉም። በተጨማሪም በግሮስ ሬጅስተር ቶን ምትክ ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የሆድ መለኪያ፣ ግሮስ ቶኔጅ፣ ሌላ ቀመር አለው፤ መለኪያ አሃድ እንኳ የለውም። ስለዚህ የድሮና የዛሬ መርከብ ስናወዳድር «ገደማ» ማለት ግድ ነው።

ከዛሬዎቹ ግዙፍ የመዝናኛ መርከቦች አንዷ ኦሲስ ኦፍ ዘ ሲስ በ2009 እ.ኤ.አ. ሥራ ስትጀምር ግሮስ ቶኔጇ 225,282 ነበር። የምትገፋው ውሃ ክብደት ግን ወደ 100,000 ቶን ነው። በሆድ አምስት እጥፍ ገደማ፣ በክብደት ሁለት እጥፍ ገደማ።