ቬሳክ በስሪላንካ፦ ቀን ጸሎት፣ ማታ መብራት

ስሪላንካ ውስጥ ጨረቃ ሙሉ በሆነች ቁጥር ሥራ ዝግ ነው። ቀኑ «ፖያ» ይባላል። ከፖያዎቹ ሁሉ ትልቁ በፈረንጆቹ ሜይ ወር የሚውለው ቬሳክ ነው። ሲንሃላ ቡድሂስቶች ቡድሃ የተወለደውም፣ የበራለትም፣ ያረፈውም በዚሁ ቀን ነው ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ሦስት በዓል በአንድ ላይ ይከበራል፤ እረፍቱም ሁለት ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት መጠጥ ቤትና ሥጋ ቤት ይዘጋል። በቀላል ጥፋት የታሰሩ ሰዎችም በፕሬዚዳንቱ ምሕረት ይፈታሉ።

ቀኑ የቤተ መቅደስ ነው። ምእመናኑ ነጭ ለብሰው፣ ጫማቸውን አውልቀው በማለዳ ይገባሉ። የኮኮናት ዘይት መብራት ይለኩሳሉ፣ ቡድሃ ከሥሩ ተቀምጦ ሳለ በራለት የሚባለውን የቦ ዛፍ ውሃ ያጠጣሉ። አበባ ሲያቀርቡ በፓሊ፣ በጥንቱ የመጻሕፍታቸው ቋንቋ፣ የሚሉት ነገር አለ፦ ይህ አበባ እንደሚጠወልግ የእኔም ገላ እንዲሁ ይጠፋል። ለበዓል ቀን ከበድ ያለ ሐሳብ ነው፤ እነሱ ግን ረጋ ብለው ነው የሚሉት።

በአዘቦት ቀን ምእመኑ የሚጠብቀው አምስት ትእዛዝ ነው፦ አትግደል፣ አትስረቅ፣ አታመንዝር፣ አትዋሽ፣ አትስከር። ለቬሳክ ብዙዎች ስምንት ያደርጉታል። ለዚያ ቀን ከሩካቤ ጨርሶ ይታቀባሉ። ዘፈን፣ ጭፈራ፣ ሽቶና ጌጥ የለም። በከፍተኛና በምቹ አልጋም አይተኙም። ከቀትር በኋላ ደግሞ እህል አይቀመስም። የእኛ ጿሚ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታግሶ ይበላል፤ እነሱ ከስድስት ሰዓት በፊት በልተው እስከ ማግስቱ ንጋት ይቆያሉ።

ቬሳክ በሕግ የእረፍት ቀን የሆነው በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 ኮሎምቦ ውስጥ ኮታሄና ሰፈር ካቶሊኮችና ቡድሂስቶች ተጋጭተው ነበር። ከዚያ በኋላ ቡድሂዝምን የተቀበለው አሜሪካዊው ኮሎኔል ሄንሪ ስቲል ኦልኮት የቡድሂስቶቹን አቤቱታ ይዞ ለንደን ድረስ ሄደ፤ የቬሳክ እረፍትም ከጥያቄዎቹ አንዱ ነበር። ዛሬ በየአገሩ የሚታየው ባለ ብዙ ቀለም የቡድሂስቶች ባንዲራም መጀመሪያ የተሰቀለው በ1885ቱ ቬሳክ ነው።

ሲመሽ ከተማው ሌላ ይሆናል። ቤቱ ሁሉ ፋኖስ ይሰቅላል። የታወቀው ባለ ስምንት ማዕዘኑ «አታፓታማ» ነው፤ ልጆች ከቀናት በፊት የቀርከሃ ስንጥቅ አስረው፣ ስስ ባለቀለም ወረቀት ለጥፈው ይሠሩታል። ዝናብ ከመጣ ግን ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ። አደባባይ ላይ ደግሞ ከፎቅ የሚስተካከል «ቶራና»፣ በሥዕልና በመብራት ያጌጠ ትልቅ ሰሌዳ፣ ይቆማል። ሥዕሎቹ የቡድሃን የቀድሞ ሕይወቶች ይተርካሉ፤ በሺህ የሚቆጠሩ አምፖሎች በየተራ ይበራሉ፣ ታሪኩም በድምፅ ማጉያ ይነበባል። ቀን በጸሎት የዋለው ሕዝብ ማታ መንገዱን ይሞላዋል።

ለእኔ የበዓሉ ልብ ግን «ዳንሳል» ነው። የሰፈር ሰው ገንዘብ አዋጥቶ መንገድ ዳር ድንኳን ይተክላል፤ ለመጣው ሁሉ በነፃ ያበላል። ሃይማኖትህን የሚጠይቅ የለም። ሩዝ በካሪ፣ የተቀቀለ ሽምብራ፣ ካሳቫ፣ ጁስ፣ አንዳንዱ ጋ አይስክሬም ሳይቀር አለ። ወጣቶች ባንዲራ ይዘው መሃል መንገድ እየገቡ መኪና ያስቆማሉ፦ ውረዱና ብሉ! በእነሱ እምነት መስጠት ምግባር ነው፤ ተቀባይ ከሌለ ደግሞ ሰጪው ምኑን ይሰጣል? ታዲያ ልግስናውም ደንብ አለው። ዳንሳል የሚከፍት ሁሉ አስቀድሞ በአካባቢው የጤና ቢሮ መመዝገብ አለበት፤ ተቆጣጣሪዎችም እየዞሩ ምግቡንና ውሃውን ያያሉ።