በሰሜን ሸዋ ደጋና ቆላ የሚያስቸግር የግሎው ሞተር

ግሎው ሞተር በሬዲዮ በሚመሩ የአውሮፕላን ሞዴሎች ላይ የሚገጠም፣ ሜታኖል የሚያቃጥልና አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሁለት ስትሮክ የሆነ ትንሽ ሞተር ነው። በስፋት ከሚታወቁት መጠኖች አንዱ 6.5 ሲሲ ሲሆን፣ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ይህ ሞተር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። በሚገባ ከተስተካከለ ለዓመታት ያገለግላል፤ ካልተስተካከለ ግን መሬት ላይ ደህና ሲሠራ ቆይቶ አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ወይም ጭራሹን ይጠፋል። ከውርጫማ ደጋ ተነሥቶ በአንድ መንገድ ሞቃት ቆላ በሚደረስበት በሰሜን ሸዋ፣ የዚህ ዓይነቱ ችግር መነሻ ብዙ ጊዜ ከሞተሩ አካል ይልቅ ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር ነው።

ምክንያቱ ከአቀጣጠሉ ይጀምራል። ግሎው ሞተር እንደ መኪና ሞተር በእያንዳንዱ ዙር ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የለውም። በእርሱ ካንዴላ ውስጥ ያለው ከፕላቲነም የተሠራ ቀጭን ጥምዝ ሽቦ ነው። ሞተሩ ሲነሣ ሽቦው በ1.5 ቮልት ባትሪ ይግላል፣ ከተነሣ በኋላ ባትሪው ይነቀላል። ከዚያ ወዲያ ሽቦው ግሎ የሚቆየው የሜታኖል ትነት ፕላቲነሙን ሲነካ በሚፈጠረው ኬሚካዊ ሙቀት፣ በፒስተኑ እመቃና ካለፈው ቃጠሎ በተረፈው ሙቀት ነው። ይህን ካንዴላ በ1947 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለሞዴል ሞተር ያበቃው አሜሪካዊው ሬይ አርደን ነው። ቃጠሎው የሚጀምርበትን ቅጽበት የሚወስን የተለየ መሣሪያ ስለሌለ፣ የካንዴላው ሙቀት፣ የእመቃው መጠንና የነዳጅና የአየሩ ምጣኔ ተባብረው ይወስኑታል፤ ከሦስቱ አንዱ ሲዛነፍ ሌሎቹም አብረው ይዛነፋሉ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከአሥር እጅ ሰባቱን ያህል ብቻ ነው። በዚያው በደሴ መንገድ ጣርማ በርን አልፎ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ተወርዶ የሚደረስባት ሸዋ ሮቢት ግን 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ግፊቱ ከአሥር እጅ ወደ ስምንት ተኩል ይደርሳል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሞተሩ ካርቡራቶር የአየሩን መሳሳት የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ የነዳጁን መጠን የሚወስነው መርፌ በተከፈተበት ልክ ነዳጅ ያሳልፋል። ስለዚህ ከቆላ ወደ ደጋ የወጣ ሞተር ነዳጅ ይበዛበታል፤ ጭሱ ይወፍራል፣ ጉልበቱ ይደክማል፣ ከማርሚታው ዘይት ይንጠባጠባል፣ በሚኒሞ (በዝቅተኛው ዙር) ትንሽ ከቆየ በኋላ ነዳጅ ሲሰጠው ታፍኖ ይጠፋል። ከደጋ ወደ ቆላ የወረደው ደግሞ ነዳጅ ያንሰዋል። የሚያስፈራው ይህ ሁለተኛው ነው። የሞተሩ ዘይት ከነዳጁ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባ ስለሆነ፣ ነዳጅ ማነስ ማለት ቅባት ማነስም ማለት ነው፤ በዚያ ላይ ሜታኖል በሚተንበት ጊዜ የሚሰጠው ማቀዝቀዝ ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን ላይ የተስተካከለን ሞተር ሸዋ ሮቢት አውርዶ መርፌውን ሳይከፍቱ በሙሉ ጉልበት ማሠራት ፒስተንና ሲሊንደርን በአንድ በረራ ሊያበላሽ ይችላል። ወደ ታች ሲወረድ መርፌውን አስቀድሞ መክፈት፣ ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ በጥቂት በጥቂቱ መዝጋት ይገባል።

በደጋው ላይ የሚጠፋውን ጉልበት መርፌ በማስተካከል ብቻ መመለስ አይቻልም። በነዳጁ ውስጥ ከሜታኖሉ ጋር የሚቀላቀለው ናይትሮሜቴን በራሱ ኦክስጅን ስለሚይዝ፣ ቆላ ላይ 5 በመቶ የሚበቃው ሞተር በደጋ 10 ወይም 15 በመቶ ሲሰጠው ሚኒሞው ይረጋል፣ ጉልበቱም በመጠኑ ይመለሳል። አየሩ ስስ ስለሆነ ፕሮፔለሩም ለማዞር ቀላል ይሆናል፤ በዲያሜትር 1 ኢንች የሚበልጥ ፕሮፔለር መሞከር ተገቢ ነው። አውሮፕላኑም ራሱ በዚህ ከፍታ አየር ላይ ለመቆየት በባሕር ወለል ከሚያስፈልገው አንድ አምስተኛ በሚጠጋ የበለጠ ፍጥነት መብረር አለበት። ሞተሩ ጠፍቶበት ገብስ በታጨደበት ማሳ ላይ የሚያርፍ ሞዴል በፍጥነት መሬት የሚመታው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሞተሩን አስተማማኝነት በደጋ ይበልጥ አሳሳቢ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ከአየሩ ቀጥሎ በጥንቃቄ መፈተሽ ያለበት ነዳጁ የሚመጣበት መንገድ ነው። ብዙ ሰው ሞተሩ ሲቆራረጥ መጀመሪያ ካንዴላ ይቀይራል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም አንድ ጊዜ ሦስት ካንዴላ ከቀየረ በኋላ ጥፋቱን ያገኘው በነዳጅ ቱቦው ላይ፣ ከታንኩ አንገት ሥር፣ በዓይን በማይታይ ቀዳዳ ነበር። በእንዲህ ያለ ቀዳዳ የሚገባው አየር በነዳጁ ውስጥ አረፋ ሆኖ ሲያልፍ፣ ሞተሩ ለቅጽበት ነዳጅ ይርበውና ይጮኻል፣ ወዲያው ደግሞ ይመለሳል። ቱቦውን ከሁለት ጫፉ ነቅሎ አንዱን ጫፍ በጣት ደፍኖ፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ በሌላው ጫፍ መንፋት ቀዳዳውን ያሳያል፤ ለዚህ ግን ነዳጅ ያልነካው ንጹሕ የፕላስቲክ መንፊያ እንጂ አፍ መጠቀም አይገባም። በታንኩ ውስጥ ያለው ጫፉ ክብደት ያለው ለስላሳ መምጠጫ አውሮፕላኑ በአፍንጫው ወድቆ ከሆነ ወደ ፊት ታጥፎ ሊቀር ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን ሞተሩ መሬት ላይ ይሠራል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ሲነሣ ግን ይጠፋል። ታንኩ የሚቀመጥበት ከፍታም ወሳኝ ነው፤ የታንኩ ወገብ ከካርቡራቶሩ መርፌ ጋር ትክክል፣ ወይም ከእርሱ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መሆን አለበት። በዙሪያው ስፖንጅ ካልተደረገለት የሞተሩ ንዝረት ነዳጁን አረፋ ያደርገዋል።

መርፌው የሚስተካከለው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነው። በሙሉ ጉልበት እየሠራ መርፌው ቀስ በቀስ ሲዘጋ ድምፁ እየቀጠነ ይሄድና ከፍተኛው ዙር ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ዙሩ በ200 ወይም 300 እስኪቀንስ ተመልሶ መከፈት አለበት። ከዚያ በኋላ አውሮፕላኑን በጥንቃቄ ይዞ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ማቅናት ያስፈልጋል፤ ዙሩ ጥቂት ጨምሮ ከረጋ ደህና ነው፣ ከደከመ ግን ነዳጅ አንሶታልና መርፌው ይከፈት። የሚኒሞው ምጣኔ የሚታወቀው የነዳጅ ቱቦውን በጣት ጨብጦ በመያዝ ነው። ሞተሩ ወዲያው ከጠፋ ነዳጅ አንሶታል፤ ዙሩ በጣም ጨምሮ ዘግይቶ ከጠፋ ነዳጅ በዝቶበታል፤ ከሁለት እስከ አራት ሰከንድ ያህል ቆይቶ፣ በጥቂቱ ጨምሮ ከጠፋ ምጣኔው ተስማምቷል። የሚኒሞው መርፌ ከዋናው መርፌ በፊት ከተነካ ሥራው ሁሉ ይደበላለቃል።

ካንዴላው ሲፈተሽ ሽቦው በባትሪ ብሩህ ብርቱካናማ ሆኖ መጋል አለበት። ገጹ ነጭና ሻካራ የሆነ ወይም ቅርጹ የተጨፈለቀ ሽቦ ቢግልም አይታመንም። ባትሪው ሲነቀል ዙሩ ጉልህ ሆኖ የሚወርድ ከሆነ፣ ወይ ካንዴላው ደክሟል፣ ወይ ነዳጁ በዝቷል፣ ወይም ካንዴላው ለአየሩ ቀዝቃዛ ነው። በደጋ እመቃው ስለሚቀንስ ሙቅ ተብሎ የሚሸጠው ዓይነት ይመረጣል።

የጠዋት ብርድ ሌላ ጉዳይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን አካባቢ ውርጭ ያድራል፤ ሜታኖል ደግሞ ለመትነን ብዙ ሙቀት የሚፈልግ፣ በብርድም በቀላሉ የማይቀጣጠል ፈሳሽ ነው። የፒስተን ቀለበት የሌላቸው፣ ፒስተናቸው ከሲሊንደሩ ጫፍ ላይ አጥብቆ የሚገጥም ሞተሮች በብርድ ሲሽከረከሩ እርስ በርስ ይፋጫሉ። ሞተሩንም ሆነ ነዳጁን ፀሐይ ላይ አቆይቶ ረፋዱ ላይ ማስነሣት ይሻላል። እሳት አጠገብ ማሞቅ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የሜታኖል ነበልባል በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል፣ ቢጠጣም ዓይን ያሳውራል፣ ይገድላልም፤ ስለዚህ ዕቃው ላይ ተጽፎበት ከሕፃናት ርቆ ይቀመጥ። ክዳኑ ክፍት የቆየ ነዳጅ ከአየር ላይ ውሃ ይስባል፤ በአዲስ ነዳጅ ደህና የሚሠራና በአሮጌው የሚቆራረጥ ሞተር ሕመሙ ያለው በዕቃው ውስጥ ነው።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ ዙሩ አሁንም ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ አየር በሌላ በኩል ይገባል ማለት ነው። ካርቡራቶሩ ሥር ያለው የጎማ ቀለበት፣ የኋላ ክዳኑ ብሎኖችና የፊተኛው ኩሽኔታ ቀዳሚ ተጠርጣሪዎች ናቸው። እህል በሚወቃበት ወራት የሚነሣው አቧራ ከካርቡራቶሩ ሲገባ ኩሽኔታውን ይበላል፤ ዘንጉ በጣት ሲነቀነቅ የሚንቀሳቀስ ወይም ሲዞር የሚያጉረመርም ከሆነ ኩሽኔታው መቀየር አለበት። የሜታኖል ቃጠሎ ትራፊም እርጥበት ሲያገኝ ብረት ያዝጋል። በክረምቱ ዝናብ አብዛኛው ሞዴል ከሐምሌ እስከ መስከረም ስለሚቀመጥ፣ ከመጨረሻው በረራ በኋላ በታንኩ ያለው ነዳጅ መፍሰስ፣ በሞተሩ ውስጥ የቀረውም ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ መቃጠል አለበት። ከዚያ ካንዴላው ተነቅሎ በካርቡራቶሩና በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ቀጭን የማሽን ዘይት ይጨመርና፣ ዘይቱ የኋላውን ኩሽኔታ እስኪያዳርስ ፕሮፔለሩ ባትሪ ሳይገናኝ በእጅ ደጋግሞ ይዞራል።