ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፦ ከሳይንስ ልብ ወለድ እስከ ሮኬት

ይህን አባባል ያልሰማ የለም። የቸኮለን ሰው «ረጋ በል፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንለዋለን። የታገሠ ካሰበው ይደርሳል ማለት ነው። ብዙዎቻችን ትርጉሙን እዚህ ላይ እናቆማለን። እኔ ግን አባባሉ ከዚያ በላይ ይናገራል ባይ ነኝ።

እስቲ ቃሉን ልብ እንበለው። እንቁላል እግር የለውም። «እንቁላል ሄደ» ቢሉን ተረት ነው እንላለን። የአባባሉ መነሻ ግን የታቀፈች ዶሮ ናት። 21 ቀን ያህል ከእንቁላሎቿ አትለይም። ታሞቃቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች። በመጨረሻ ቅርፊቱ ይሰነጠቅና ጫጩት ይወጣል። ብዙም ሳይቆይ ቆሞ ይሄዳል። የሚታቀፈው ያጣ እንቁላል ግን የቱንም ያህል ቢቆይ ይበላሻል እንጂ አይሄድም። ደግሞም ያ የሚሄደው ጫጩት እንቁላሉን በምንም አይመስልም።

የሳይንስ ልብ ወለድና የሳይንስ ምርምር ዝምድናም ልክ እንደዚህ ነው።

አሜሪካዊው ሮበርት ጎዳርድ ገና በ16 ዓመቱ ገደማ የማርስ ፍጡራን ምድርን ሲወሩ የሚተርከውን የኤች ጂ ዌልስን ልብ ወለድ አነበበ። ታሪኩ ከልቡ አልወጣ አለ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 19 ቀን 1899 (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው የምጠራው) የደረቁ ቅርንጫፎች ሊቆርጥ የቼሪ ዛፍ ላይ ወጣ። እዚያው ሆኖ እስከ ማርስ የሚወጣ መሣሪያ ታየው። ከዛፉ ሲወርድ ሌላ ልጅ ሆኖ እንደወረደ ኋላ ጽፏል። ቀኑንም በየዓመቱ ያስበው ነበር።

ከዚያ 26 ዓመት ታቀፈው። በ1920 ኒው ዮርክ ታይምስ ሮኬት አየር በሌለበት ጠፈር አይሠራም ብሎ አፌዘበት። እሱ ግን ሥራውን አልተወም። ማርች 16 ቀን 1926 በቤንዚንና በፈሳሽ ኦክስጅን የሚሠራ ሮኬቱ ተነሳ። 2.5 ሰከንድ ቆየ፣ 12.5 ሜትር ያህል ከፍ አለና ጎመን ማሳ ላይ ወደቀ። ይህችን አጭር በረራ ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ጋዜጣው ስህተቱን ያመነው በ1969፣ አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ በተነሳ ማግስት ነው። ጎዳርድ ከሞተ 24 ዓመት ሊሞላው ነበር።

አሁን ወደ መማሪያ ክፍል እንግባ። ዡል ቬርን በ1865 ባወጣው ልብ ወለድ ሰዎችን ወደ ጨረቃ የላከው 274 ሜትር ያህል በሚረዝም መድፍ ነው። ይህ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግሩም የፊዚክስ ጥያቄ ነው። ከምድር ስበት ለማምለጥ በሰከንድ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ያስፈልጋል። ፍጥነቱን በራሱ ማባዛት፣ የመድፉን ርዝመት በሁለት አባዝቶ ለዚያ ማካፈል ነው። የሚወጣው መፍጠን፣ ማለትም ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚጨምርበት መጠን፣ ከምድር ስበት ከ20,000 እጥፍ በላይ ነው። ተሳፋሪዎቹ ገና መድፉ ውስጥ እያሉ ይጨፈለቃሉ! ይህን ያገኘ ልጅ «ታዲያ በምን ይሄዳሉ?» ማለቱ አይቀርም።

የሩሲያው ኮንስታንቲን ፂዮልኮቭስኪ፣ እሱ ራሱ የሒሳብ መምህር ነበር፣ የጠፈር ጉዞ ሐሳብ መጀመሪያ ያደረበት ከቬርን ታሪኮች እንደሆነ ተናግሯል። በ1903 ያሳተመው ስሌት ሮኬት ነዳጁን እያቃጠለ፣ ጋዙን ወደ ኋላ እየተፋ፣ ፍጥነቱን እንዴት እንደሚያጠራቅም ያሳያል። ቀስ በቀስ፣ እንደ አባባላችን። መድፉ እንቁላል ውስጥ ቀረ፤ የወጣው ሮኬት ነው።

ገና እንቁላል የሆነም አለ። በ1985 የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ካርል ሴጋን ለልብ ወለዱ ከኮከብ ወደ ኮከብ የሚያሻግር፣ ከፊዚክስ ጋር የማይጣላ መንገድ ፈልጎ ወዳጁን የፊዚክስ ሊቅ ኪፕ ቶርንን ጠየቀው። ቶርን ከተማሪው ማይክል ሞሪስ ጋር በ1988 መልሱን አሳተመ። ሕዋና ጊዜን አቋርጦ የሚያልፍ ዋሻ ነው። ጽሑፉ የወጣው የፊዚክስ መምህራን በሚያነቡት መጽሔት ላይ ሲሆን፣ ርዕሱ ራሱ የአንስታይንን የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ ማስተማሪያ መሆኑን ይናገራል። እንዲህ ያለ ዋሻ እስካሁን ማንም አላየም። ተማሪዎች ግን ስሌቱን እያገላበጡት ነው።