የጦር ሠራዊት የእንስሳት ሐኪሞችና የእባብ ክትትል

በአሜሪካ የወታደር መለማመጃ ሜዳዎች ለመጥፋት ለተጋለጡ እባቦች መጠለያ ሆነዋል። መሬቱ አይታረስም፣ ቤት አይሠራበትም፤ ሆን ተብሎ የሚለኮሰው እሳትም ቁጥቋጦውን እያመናመነ ሜዳውን ገላጣ ያደርገዋል። በጆርጂያ ፎርት ስቱዋርት ኢንዲጎ እባብ፣ በሉዊዚያና ፎርት ፖልክ ፓይን እባብ፣ በሚሺጋን ካምፕ ግሬይሊንግ ደግሞ ማሳሳውጋ የተባለው መርዘኛ እባብ ይኖራል። ሦስቱም በፌዴራል ሕግ ጥበቃ የሚደረግላቸው ሲሆን፣ ኢንዲጎ ከ1978፣ ማሳሳውጋ ከ2016፣ ፓይን እባብ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዝርዝሩ ላይ ናቸው።

ፓይን እባብ አብዛኛውን ዕድሜውን ጎፈር የተባለ አይጥ መሰል እንስሳ በቆፈረው ዋሻ ስለሚያሳልፍ በዓይን ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። ስለዚህ ሬዲዮ ማስተላለፊያ በሆዱ ውስጥ ይቀበራል። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው አንዳንዴ የአራዊት ማቆያ ሐኪም፣ አንዳንዴም የጦር ሰፈሩ ሐኪም ነው። በ1916 የተቋቋመው የሠራዊቱ የእንስሳት ሕክምና ክፍል የዘወትር ሥራው የወታደር ውሾችን ማከምና ምግብ መመርመር ነው።

መሣሪያው ከእባቡ ክብደት 5 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ 300 ግራም ለሚመዝን እባብ ቢበዛ 15 ግራም ማለት ነው። መርዘኛ ከሆነ ጭንቅላቱ በብርሃን አስተላላፊ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ እንዲገባ ተደርጎ አይሶፍሉሬን በተባለ በትንፋሽ በሚሰጥ ማደንዘዣ ይደነዝዛል። እባብ ትንፋሹን ለረጅም ጊዜ መያዝ ስለሚችል መደንዘዙ ይዘገያል፤ ቸኩሎ መጠኑን መጨመር አደገኛ ነው። ቀዳዳው የሚከፈተው ቅርፊቶቹን ሳይሆን በመካከላቸው ያለውን ለስላሳ ቆዳ በመቅደድ፣ ከሆድ ሰፋፊ ቅርፊቶች ትንሽ ከፍ ብሎ በጎን በኩል ነው። ቀጭኑ አንቴና በቱቦ እየተመራ ከቆዳ ሥር ይዘረጋል። ስፌቱ የቁስሉን ከንፈሮች ወደ ውጭ መገልበጥ አለበት፤ የእባብ ቆዳ ወደ ውስጥ መታጠፍ ስለሚወድ ካልተጠነቀቁ አይገጥምም።

ዋናው ስህተት ወቅቱን አለማየት ነው። እባብ የሚድነው ሰውነቱ ሲሞቅ ስለሆነ፣ የብርዱ ወቅት ሊገባ ሲል የተቀደደ እባብ ቁስሉ ሳይሽር ጉድጓድ ገብቶ ሊሞት ይችላል። ከዳነ በኋላ የሚለቀቀውም እዚያው የተያዘበት ቦታ ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ ቢለቀቅ እየባዘነ የክትትሉን ውጤት ያዛባል።

ከዚያ ተመራማሪው በእጅ የሚያዝ አንቴና ይዞ የማስተላለፊያውን ምልክት ድምፅ ይከተላል። እባቡ ከመሬት በታች ሲሆን ምልክቱ ስለሚዳከም መቅረብ ያስፈልጋል። ባትሪው እንደ መጠኑ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ይቆያል፤ ሳያልቅ እባቡ ተይዞ በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ካልተቀየረለት መሣሪያው በሆዱ እንዳለ ክትትሉ ይቋረጣል።