«ዝግ ተፋሰስ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ተፋሰስ የሚለው ቃል ያሳስታል። ስንሰማው ውሃው ወደ ወንዝ፣ ወንዙም ወደ ባሕር ሲወርድ ነው የሚታየን። ዝግ ተፋሰስ ግን ወደ ባሕር መውጫ የለውም። የገባው ውሃ በዋናነት የሚያልቀው በትነት ነው።

አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለውን የሞት ሸለቆ እንውሰድ። ባድዋተር የሚባለው ወለሉ ከባሕር ጠለል በታች 86 ሜትር ነው። ከጎኑ የፓናሚንት ተራሮች ቀጥ ብለው ይነሳሉ። ቴሌስኮፕ የተባለው ከፍተኛው ጫፋቸው 3,366 ሜትር ነው። ይህ ሁሉ ልዩነት ጎን ለጎን! መሬት ተለጥጣ ስትሰነጠቅ አንዱ ወገን ሰመጠ፣ ሌላው ከፍ አለ።

ብዙ ሰው «ጨው ካለማ ድሮ ባሕር ነበር» ይላል። እዚህ ጋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዝናብ ከተራራው አለት ጥቂት ጥቂት ማዕድን ያሟሟል፤ ጎርፉ ተሸክሞት ይወርዳል። ውሃው ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም። በበረዶ ዘመን ሸለቆውን የሞላው ትልቅ ሐይቅም ሲደርቅ ጨዉን እዚያው ትቶ ነው የሄደው።

ካርታ ላይ «ደረቅ ሐይቅ» የሚል ብታዩ አይግረማችሁ። ከባድ ዝናብ ሲጥል ውሃ ይተኛበታል። በ2023 እ.ኤ.አ. ከሂላሪ አውሎ ነፋስ በኋላ የተኛው ውሃ ለወራት ቆይቷል።