«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን»፦ ከጣርማበር ቁልቁለት እስከ ሶፍትቦል ሜዳ

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይባላል። «መታ» የሚለውን ብዙ ሰው አይጨምረውም፤ ሰሚው ራሱ ይሞላዋል። ጥፋተኛውን መንካት ፈርቶ አጠገቡ ያለውን፣ መልስ የማይሰጠውን ለሚወቅስ ሰው ነው የሚነገረው። አለቃው ላይ የበገነ ሠራተኛ በር ላይ ያለውን ጥበቃ ሲያመናጭቅ፣ አንዱ ጎረቤት ይሄን ይላል።

ምንጩን ለማየት ሰሜን ሸዋ ላለ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከመንዝ ገብስና ባቄላ፣ ከምንጃር ጤፍ በአህያ ጭኖ ገበያ የሚሄድ ሰው ዛሬም መንገድ ላይ አለ። ዳውላ ጭነቱ ነው፤ እንደየአገሩ ቢለያይም በድሮው ስፍር 20 ቁና ያህል እህል ይባላል። እንደ ጣርማበር ባለ ቁልቁለት ላይ አህያው እግሩን ተክሎ አልሄድም ቢልስ? ከኋላው የተጠጋ ሰው ርግጫ ይቀምሳል። ስለዚህ ፈሪው ነጂ ራቅ ብሎ ዱላውን ጭነቱ ላይ ያሳርፋል። አቧራው ይቦናል፣ ጩኸቱ ይበረክታል፤ አህያው ግን ንቅንቅ የለም። ጆንያው ቢቀደድ ደግሞ የሚፈሰው የራሱ የነጂው እህል ነው። ብዙዎች ተረቱን ሲያስረዱ ፍርሃቱን ብቻ ያነሳሉ። ለእኔ ግን ጉልበቱ እዚህ ላይ ነው፤ ያለቦታው ያረፈ ዱላ ጥፋቱን ሳያርም ኪሳራ ይጨምራል።

ተረቱን ሰሞኑን ያስታወሰኝ ሶፍትቦል ነው፤ እንደ ቤዝቦል ኳስ ተወርውሮ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ። የእህቴ ልጅ አሜሪካ ውስጥ በትምህርት ቤቷ ቡድን ወርዋሪ ናት፤ ኳሱን ለተጋጣሚ መቺ የምትወረውረው እሷ ናት። ጨዋታ በኖራት ቁጥር ውጤቱን በቴሌግራም ደብረ ብርሃን ትልክልናለች። አንድ ቀን «5 ገባብኝ» ብላ ጻፈች። እናቴ ደነገጠች። «ምነው ልጄን፣ አሟት ነው እንዴ?»

መዝገቡን ከፍቼ አነበብኩላት። 6 ኢኒንግ፣ ማለትም የጨዋታ ዙር፣ ወርውራለች፣ 5 ነጥብ ገብቷል፣ በእሷ ዕዳ የተያዘው ግን 2 ብቻ ነው። ሦስቱስ? በሦስተኛው ኢኒንግ ሁለት ተጋጣሚ ወጥቷል፤ ሦስተኛው ሲወጣ ተራው ያበቃል። መቺዋ ቀላል ኳስ መሬት ለመሬት መታች። ሜዳ ላይ ያለችው ልጅ ኳሷን ከእጇ አመለጠቻት። ኢኒንጉ እዚያው ማለቅ ነበረበት፤ አላለቀም። ከዚያ በኋላ ሦስት ነጥብ ገባ። መዝጋቢው «ይሄ ስህተት ባይኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» ብሎ ኢኒንጉን በሐሳቡ እንደገና ያጫውተዋል። ሦስቱም ነጥቦች ከመጨረሻ ውጤቱ ላይ ይቆጠራሉ፤ በወርዋሪዋ ስም ግን አይጻፉም። በዚያ መሃል አንዷ ሆም ራን ብትመታ፣ ማለትም በአንድ ምት ዞራ ነጥብ ብታስገባ እንኳ ያው ነው።

ወርዋሪ የሚመዘንበት ይሄ ቁጥር ኢአርኤ ይባላል፤ በሙሉ ጨዋታ በአማካይ ስንት ነጥብ በዕዳው እንደሚያዝበት ያሳያል። ሂሳቡ ራሱ ቀላል ነው። በወርዋሪው ዕዳ የተያዘውን ነጥብ በጨዋታው ሙሉ ኢኒንግ ታባዛለህ፤ ለትልልቆቹ የቤዝቦል ሊጎች 9፣ ለሶፍትቦል 7። ከዚያ በወረወረው ኢኒንግ ታካፍላለህ። የእኛ ልጅ 2 ሲባዛ በ7፣ 14፤ ለ6 ሲካፈል 2.33። አምስቱም በእሷ ላይ ቢጫኑ ኖሮ 5.83 ይሆን ነበር። አንድ ጥንቃቄ አለ። መዝገብ ላይ 6.1 ተብሎ የሚጻፈው ስድስት ኢኒንግ ከአንድ ሦስተኛ ነው፤ ስታሰላው 6.33 ብለህ ነው። ውጤቱ ባነሰ ቁጥር ወርዋሪው ጎበዝ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ የቤዝቦል መዝገብ አያያዝ መሠረት ከጣሉት ዋነኛው እንግሊዝ አገር የተወለደው ጋዜጠኛ ሄንሪ ቻድዊክ ነው። ከሁለቱ ትልልቅ የአሜሪካ ቤዝቦል ሊጎች ናሽናል ሊግ ኢአርኤን በይፋ መያዝ የጀመረው በ1912 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሌላው፣ አሜሪካን ሊግ፣ በዓመቱ ተከተለ። በጣም የሚወሳው ቁጥር የቤዝቦል ወርዋሪው የቦብ ጊብሰን ነው፤ በ1968 እ.ኤ.አ. 304 ከሁለት ሦስተኛ ኢኒንግ ወርውሮ 1.12። በዚያ ዓመት 49 ነጥብ ገብቶበታል፤ በእሱ ዕዳ የተያዘው 38 ነው። በማግስቱ ዓመት ወርዋሪው የሚቆምበትን ጉብታ ከ15 ኢንች ወደ 10 ዝቅ አደረጉት፤ ወርዋሪዎች እጅግ በርትተው ነበርና።

እንዲህ ስለው ኢአርኤ የተረታችን መድኃኒት ይመስላል። ዱላውን ከዳውላው አንስቶ አህያው ላይ ለማሳረፍ የተሠራ ሂሳብ ነው፤ እኔም የምወደው ለዚሁ ነው። ሙሉ በሙሉ ግን አይሳካለትም። ስህተት ተብሎ የሚመዘገበው ተጫዋቹ በመደበኛ ጥረት ሊይዘው የሚገባውን ኳስ ሲያበላሽ ነው። እግሩ ቀርፋፋ የሆነ ተጫዋች ኳሱ ጋ ሳይደርስ ቢቀርስ? ስህተት አይባልበትም፤ ነጥቡ ወርዋሪው ላይ ይጻፋል። ሞክሮ ያበላሸው ይከሰሳል፣ ያልደረሰው ነጻ ይወጣል። ይሄ ያናድደኛል።

በሌላ በኩል ወርዋሪው ራሱ ወደ እሱ የተመታውን ኳስ ቢያበላሽ ያም ስህተት ተብሎ ይያዛል፤ በዚያ ምክንያት የገባው ነጥብ ከዕዳው ይወጣለታል። የሚገርም ደንብ ነው፤ በገዛ እጁ ባጠፋው! ቤዝ ላይ፣ ማለትም ሯጮች በሚቆሙበት ማረፊያ ላይ፣ ሯጭ ትቶ ተቀይሮ የወጣ ወርዋሪ ደግሞ፣ ተተኪው ቢመታበትና ያ ሯጭ ቢገባ፣ ነጥቡ የሚጻፈው በወጣው ስም ነው። ተተኪው ምንም አይነካውም።

ለእናቴ ይሄን ሁሉ አልዘረዘርኩላትም። «ሁለቱ የእሷ ነው፣ ሦስቱ የጓደኛዋ» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ያቺ ጓደኛዋን እንዳትቆጣት ንገራት፤ እሷም የሰው ልጅ ናት» አለችኝ። ጻፍኩላት። «አልተቆጣሁም አጎቴ፣ በሚቀጥለው ኢኒንግ ከባዱን ኳስ የያዘችልኝ እሷው ናት» ብላ መለሰች።