የሰዓት ሬጉላተር ምንድን ነው? ሲሰበርስ እንዴት ይጠገናል?

ደሴ ላይ ሰዓት መጠገን ከጀመርኩ ወዲህ እንደ «ሰዓቴ ይዘገያል» ደጋግሜ የሰማሁት ቃል የለም። ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ሞክሮ ነው የሚመጣው፤ በየማለዳው መሙያውን እየጎተተ ጠቋሚዎቹን ወደ ፊት ሲገፋ ሰንብቷል። ይህ ጠቋሚዎቹን ከትክክለኛው ቦታ ያደርሳቸዋል እንጂ አካሄዳቸውን አያርምም። በማግስቱ እዚያው ናቸው። አካሄድን የሚያርመው ከጀርባ ክዳኑ ሥር ያለው ሬጉላተር የሚባለው ትንሽ ክፍል ነው።

በመካኒካል ሰዓት ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ የሚውል መንኮራኩር አለ። እርሱን የምትመልሰው፣ ምጣድ ላይ ከዳር ወደ መሐል እንደሚዞር የእንጀራ ሊጥ የተጠቀለለች ቀጭን ሞላ ናት። የኔዘርላንድሱ ሊቅ ክርስቲያን ሆይገንስ ይህችን ሞላ ለሰዓት ያዋለው በ1675 እ.ኤ.አ. ነው። ብዙዎቹ የቆዩ ሰዓቶች በሰዓት 18,000 ጊዜ ይመታሉ፤ በቀን 432,000 መሆኑ ነው። ከዚህ ሁሉ 300 ምት ብቻ ቢጎድል ሰዓቱ በቀን አንድ ደቂቃ ይዘገያል። ከሺህ አንድ እንኳ የማይሞላ ጉድለት ሰውን ከቀጠሮ ያስቀራል ማለት ነው።

የሬጉላተርን ሥራ ለወሎ ሰው ለማስረዳት ማሲንቆ ይበቃል። ጭራው አንድ ነው። አዝማሪው ባቲን ሲጫወት ጣቱ ወደ ታች በወረደ ቁጥር የሚርገበገበው ክፍል ያጥርና ድምፁ ይቀጥናል፤ ጣቱ ወደ ላይ ሲመለስ ይረዝምና ድምፁ ይወፍራል። ሬጉላተርም ለሞላዋ እንደዚያ ጣት ነው። ከሥሩ ከእስፒል የሚቀጥኑ ሁለት የነሐስ ካስማዎች አሉት፤ የሞላዋ የውጭ ዙር በመካከላቸው ያልፋል። የሬጉላተሩ ጅራት ወደ አንድ ወገን ሲገፋ ካስማዎቹ ሞላዋ ከታሰረችበት ጫፍ ይርቃሉ፤ የምትሠራበት ርዝመት ያጥርና ሰዓቱ ይፈጥናል። ወደ ሌላው ወገን ሲገፋ ይዘገያል። አቅጣጫው በመደመርና በመቀነስ ምልክት፣ ወይም «አቫንስ» እና «ረታር» በሚሉት የፈረንሳይኛ ቃላት መነሻ ፊደላት ይጻፋል።

ከክፍሎቹ አንዱ ሲሰበር ጉዳቱ እኩል አይደለም። ጅራቱ ብቻ ከተቆረጠ አትጨነቁ፤ ጅራት እጀታ ነው፣ የቀረው አካል በወረንጦ ጫፍ ይገፋል። ክፉው የካስማ ስብራት ነው። ሞላዋ የሚይዛት ሲያጣ እስከ መታሰሪያዋ ድረስ ትረዝማለች፤ ሰዓቱም በቀን ደቂቃዎችን ይጥላል። በካስማዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከልክ በላይ ሲሰፋ ደግሞ ስሕተቱ ራሱ ይለዋወጣል። መንኮራኩሩ በሰፊው ሲወዛወዝ ሞላዋ ካስማዎቹን ትነካለች፤ ሲደክም ግን ሳትነካቸው ትቀራለች። ስለዚህ ጠዋት ተሞልቶ ደህና የሄደ ሰዓት ማታ ይዘገያል። እንዲህ ያለውን ሰዓት ጅራቱን በመግፋት ማረም አይቻልም።

ባለፈው ክረምት ከኮምቦልቻ ለሰኞ ገበያ የወጡ እናት የሟች ባለቤታቸውን የኪስ ሰዓት በመሐረብ ቋጥረው አመጡልኝ። «ልጄ፣ መሄዱንስ ይሄዳል፤ ግን አያደርስም» አሉኝ። ክዳኑን ስከፍት አንደኛው ካስማ ከሥሩ ተቆርጧል። ከእኔ በፊት የነካው እጅ ደግሞ ሞላዋን ከሬጉላተሩ ጋር በሙጫ አጣብቋታል። ሥራዬን የምወድ ሰው ነኝና አዘንኩ። ሙጫ በዚህች ሞላ ላይ የሚያርፍበት ምንም ምክንያት የለም፤ እንደ ልቧ እንዳትተነፍስ ያንቃታል።

መጀመሪያ የዋናውን ሞላ (ሰዓቱ ሲሞላ የሚጠቀለለውን ሌላውን ትልቅ ሞላ) ኃይል ቀስ አድርጌ ለቀቅኩ። ኃይሉ ሳይለቀቅ የሰዓት ሆድ አይነካም። ከዚያ መንኮራኩሩን ከነሞላዋና ከነሬጉላተሩ አውጥቼ ሙጫውን በአሴቶን አሟሟሁ። ክፍሎቹን ከለያየሁ በኋላ ሬጉላተሩን ቀዳዳ ባለው ብረት ላይ አስቀምጬ የካስማውን ጉቶ በቀጭን መምቻ ገፍቼ አስወጣሁት። ለአዲሱ የነሐስ ሽቦ ሞረድኩ፤ አንድ ጫፉ እንዲሾል፣ ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ በራሱ ጠብቆ እንዲቀር። በብየዳ ማጣበቅ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ለብየዳ የሚቀባው አሲድ ከዓመት በኋላ ሞላዋን በዝገት ይበላታል። የካስማውን ትርፍ ርዝመት የቆረጥኩት መንኮራኩሩን እንዳይነካ አድርጌ ነው።

የቀረው ክፍተቱ ነበር፤ ብዙ ሰዓት የወሰደብኝም እርሱ ነው። ሞላዋ በካስማዎቹ መካከል ሳትጨነቅ፣ ግን ሳትንጓለልም መቆም አለባት። በማጉያ መነጽር ሲታይ ከወዲህና ከወዲያ የብርሃን ክር ብቻ መታየት አለበት። ከዚያም ጅራቱን ከዳር እስከ ዳር እያንሸራተትኩ ሞላዋ ወደ አንዱ ካስማ አለመገፋቷን አየሁ። ከተገፋች የውጭ ዙሯ ጎብጧል ማለት ነውና እርሱ ይቃናል እንጂ ካስማው አይጣመምም።

ጅራቱን ከመግፋቴ በፊት ሁለት ነገር አጣራለሁ። ዘይቱ የደረቀ ሰዓት መታጠብ እንጂ ሬጉላተር አያስፈልገውም። ማግኔት የያዘው ሰዓት ደግሞ የሞላዋ ዙሮች እርስ በርስ ይሳሳቡና በጣም ይፈጥናል፤ ማግኔቱ ሲወጣለት ወደ ልኩ ይመለሳል።

የእኚህ እናት ሰዓት ሞላ የጥንቱ ብረት ናት። እንዲህ ያለች ሞላ ሙቀት ሲነካት ትለሰልሳለች፤ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ሰዓቱ በቀን 10 ሰከንድ ያህል ይዘገያል። ይህን ችግር ያቃለሉት ሙቀት እምብዛም የማይለውጣቸው የኒኬልና የብረት ቅይጦች ናቸው፤ ቻርል ኤድዋር ጊዮም በእነዚህ ቅይጦች ላይ ባደረገው ምርምር በ1920 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ተሸልሟል። የቆየው የኪስ ሰዓት ግን ከዚህ በረከት አልደረሰውም።

ሞልቼ አንድ ቀን አሳደርኩት። በማግስቱ በዚያው ሰዓት 90 ሰከንድ ቀድሞ አገኘሁት። ጅራቱን ለዓይን በማይታይ መጠን ወደ «ረታር» ገፋሁት፤ በሦስተኛው ቀን 30 ሰከንድ ቀደመ። ከዚያ ወዲያ አልነካሁትም። ደሴ ብርድ ናት፤ ሰዓቱ የሚሰቀለው ኮምቦልቻ ነው።